ቀኑ ይቀየራል?

ከቀርከሃው አጥር ወዲያ ጎረቤታቸው እማማ ጣሂራ ሲናገሩ ፌቨን ገና ጫማዋን አስራ አልጨረሰችም ነበር። "ወላሂ ስም አለ! ከታች አለ! ፌቨን ጂራታ ይላል" አሉ። "እኔ ማንበብ አያውቅም፤ ልጄ ሻዕባን አንብቦ ነገረኝ። የኔ ቤት ባዶ ቦታ ብሎ ጻፈ። ሠላሳ ዓመት የተኛሁበት ቤት፣ ባዶ ቦታ!" ከወዲህ በኩል የወንድሟ ሚስት ማሚቱ ዝም አለች። ማሚቱ ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ሲሰፍሩ በእጃቸው ብዙ ነገር ባይኖርም አንደበት ነበራቸው፣ እሱንም ሳይሰስቱ አውርሰዋታል። ስለዚህ ፌቨንን ከእማማ ጣሂራ ጩኸት ይልቅ የማሚቱ ዝምታ አስደነገጣት። ቀጥሎ የሰማችው የወንድሟን የቶኩማን ድምፅ ነው፤ እንጨት ሲለካ የሚናገርበት፣ የማይቸኩለው ድምፅ። "እማማ፣ እህቴ ብታውቅ ኖሮ ከማንም በፊት ለእኔ ትነግረኝ ነበር" አለ። "ስሟን የሚጽፈው ማሽኑ ነው። እሷ የሰጧትን ነው የምትጭነው።" ፌቨን የጫማዋን ክር እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

የተቀመጠችበትን ክፍል የሠራው ራሱ ቶኩማ ነው። አናጺ ነው፤ ከወለጋ ወደ አሶሳ ሲመጣ በአንድ ክፍል ጀመረ፣ ሲያገባ ሁለተኛውን ጨመረ፣ እሷ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስታገኝ ደግሞ ሦስተኛውን አቆመላት። ጣሪያው ሥር የተወጠረው የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ መስኮቱ ግን በእጁ ልጎ የገጠመው፣ ሲዘጋ ድምፅ የማያሰማ መስኮት ነው። ፌቨን ድረ ገጹን የምትይዝለት ቢሮ ባወጣው የተነሺዎች ዝርዝር ላይ ይህ ቤት ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ሲሆን "ቶኩማ ጂራታ፣ አንድ ክፍል" ይላል። በሰፈሩ መንገድ ሊወጣ ነው። ከተማዋ የክልል መዲና ከሆነች ወዲህ መንገድ አያስፈልጋትም የሚል የለም፤ የሚነሳውም ሰው በቤቱ ልክ ምትክ ቦታ ያገኛል። ነገሩ ያለው ልኩ ላይ ነው። አንድ ክፍል ለተባለ የአንድ ክፍል፣ ባዶ ቦታ ለተባለ ምንም። ልኬቱ ተሳስቷል የሚል ሰው ዝርዝሩ በቢሮው ድረ ገጽ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በዐሥር ቀን ውስጥ ቅሬታ ያስገባል፣ ባለሙያዎቹም ሜትር ይዘው ይመለሳሉ። ከዝርዝሩ ራስጌ የሰፈረው ቀን መጋቢት 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው፤ ከግርጌው ደግሞ "ያወጣው፦ ፌቨን ጂራታ" ይላል። ያን ዕለት ጠዋት መጋቢት 15 ነበር።

ቁርስ ላይ ማሚቱ ሻዩን ቀዳች እንጂ እንደ ወትሮው ስኳሩ በዛ አነሰ አላለችም። የዳቦው ዋጋ ብር ከሃምሳ ገብቶ መጠኑ ግን እንደቀነሰ ሰሞኑን ስታማርር ሰንብታ፣ ዛሬ ያንን ዳቦ ቆርሳ ለሁሉም እኩል አስቀመጠች። ቶኩማ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከኢንተርኔት ቤት በገጽ ሁለት ብር ያሳተመው ነው። በመዳፉ እየዳመጠ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"ስም ዝርዝሩን ቀድመሽ አይተሽዋል?" አላት።

"አላየሁም ጋሼ። ፋይል ነው የሚሰጡኝ፤ እንዳለ ነው የምጭነው።"

"ብያለሁ እኮ!" አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ ከልቡ እፎይ ብሎ። ማሚቱ የሻይ ብርጭቆዋን አዟዟረችና "እንግዲህ አንች ካልሽ" አለች፤ ለባሏ ሳይሆን ለፌቨን። ከዚያ በኋላ ሦስቱም በሉ።

ውሸት ነበር። ፌቨን ያንን ዝርዝር መጋቢት 4 ቀን፣ ከለኪዎቹ የእጅ ጽሑፍ ላይ፣ ሃምሳ ሰባቱንም ስም አንድ በአንድ ጽፋዋለች። ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ ተነሥታ ውሃ ጠጣች፤ ተመልሳም "አንድ ክፍል" ብላ ጻፈችና ወደ ሠላሳ ሁለት አለፈች። የሚለጠፈው እንደ ወረቀቱ ነው፣ ማረም የእሷ ሥራ አይደለም። ደግሞም ድረ ገጹ የሚሠራበት ሲስተም ደግ ነገር ነው፤ የጻፍከውን ወዲያው ለዓለም አያሳይም። ረቂቅ ብሎ ያስቀምጥልሃል፣ "አውጣ" የሚለውን እስክትጫን ድረስ ካንተ በቀር የሚያየው የለም። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ፌቨን ረቂቅ ማለት ያልሆነ ነገር ማለት ነው ብላ ራሷን አሳመነች። የክፍል ኃላፊዋ አቶ ኤጀታም "ይህ የቢሮ ምስጢር ነው ልጄ፣ ለቤተሰብም እንኳ" ብለዋት ነበር። ሥራውን ያገኙላት እሳቸው ናቸው፤ ከአባቷ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ፣ እሑድ እሑድ ሰላም የሚሏት ሰው ናቸው። "ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወጣል" ሲሉ ሰንብተው ለስብሰባ ካማሺ ሄዱ። መኪናቸው ጭቃ በሌለበት ወቅት ጭቃ ያገኘ ይመስል መንገድ ላይ ቀረ፣ እሳቸውም የተመለሱት በ14 ነበር።

ገና አቧራቸውን ሳያራግፉ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። "አውጪው እንግዲህ" አሉ። "ደብዳቤው የተፈረመው በሦስት ነው። እዚያ ላይ ያለው ቀን ከደብዳቤው ጋር መስማማት አለበት። ቀኑ ይቀየራል?" በድረ ገጹ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። "ስለ ቢሮው" የሚለው ዓይነት ገጽ ቀን የለውም፣ እንዳለ ይኖራል። ዜናና ማስታወቂያ ግን በወጣበት ቀን ይደረደራል፤ ያንን ቀን ሲስተሙ ራሱ ይሞላዋል፣ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ሣጥን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይቀይረዋል። በቢሮው ያቺን ሣጥን የምታውቅ ፌቨን ብቻ ነበረች። አይቀየርም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ማንም። ግን የሠለጠነችበትን ነገር አላውቅም ማለት አልሆነላትም፤ ጭራሽ ደስ እያላት "ይቀየራል" አለች፣ ቀየረችውም። አቶ ኤጀታን ክፉ ሰው ማለት ይከብዳል። ዕድሜያቸውን የኖሩት በወረቀት ነው፤ ለእሳቸው አንድ ነገር የሚወለደው ደብዳቤው ሲፈረም ነው፣ ሰው ባየው ባላየው። ዐሥሩ ቀን በዚያች ደቂቃ እንዳለቀ ግን እሳቸውም ሳያውቁት አልቀሩም፣ እሷም አውቃለች።

ቢሮ ስትደርስ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ሰው እርስ በርስ ተደጋግፎ ቆሟል። መዝገብ ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ ሦስት የብረት ካቢኔት፣ የአንዱ መሳቢያ ስለማይዘጋ በገመድ ታስሯል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የሺሀረግ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ቆማ ለሁሉም አንድ ቃል ትደጋግማለች፦ "ቀኑ አልፏል፤ መቀበል አልችልም።" ድምፅዋ ደርቋል። እማማ ጣሂራ በፌስታል የያዙትን የቤት ግብር ደረሰኝ ከእነ ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አልነሣም ብለዋል። ፌቨንን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ጠዋት አጥር ላይ የጮኹት ሌላ ሰው እስኪመስል። "ይኸው! ፌቨን መጣ። እሱ ያውቃል፣ ማሽን የሱ ነው። ንገረው ልጄ፣ እኔ ቤት አለኝ።" ፌቨን ቆመች፣ "እሺ እማማ፣ እጠይቃለሁ" አለችና ዓይኗን ሰብራ አለፈች። ከኋላዋ አንድ የማታውቀው ሰው "ከግርጌ ያለው ስም የእሷ ነው" ሲል ሰማች።

ቢሮዋ ውስጥ ኮምፒውተሩን ከአቧራ የሚሸፍነውን ባለጥልፍ ጨርቅ ገለጠች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ስሟን መፈለግ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ማንም ስሟን ጻፊ አላላትም። የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው ንድፍ ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሥር የጫነውን ሰው ስም በራሱ ያስቀምጣል፤ እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው። በሌላ አገር ሰዉ ምንም አይለው ይሆናል። እዚህ ግን ከወረቀት ግርጌ ስሙ ያለ ሰው ወሳኙ ሰው ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። በስሟ ቦታ "አስተዳዳሪ" የሚል ቃል ለማስገባት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጽፋውም ነበር። ሳታስቀምጠው ተነሥታ ወደ አቶ ኤጀታ ሄደች።

አቶ ኤጀታ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሌላ ደብዳቤ ያነቡ ነበር። ነገሩን ሰምተው "ስምሽን አንሺው እንጂ ታዲያ፣ ይቻላል አይደል?" አሉ።

"ስሙ ይቻላል ጋሽ ኤጀታ። ቀኑስ? ሰዎቹ ትላንት ነው ያዩት። ዐሥር ቀን አላገኙም።"

"ቀኑ የደብዳቤው ቀን ነው።"

"የወንድሜም ቤት አለበት።"

ይህን ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፣ መነጽራቸውንም አወረዱ። "አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "አውቄ ነው ለቤተሰብም እንኳ ያልኩሽ። ልጄ፣ ይህ ሥራ እንዲህ ነው። እኔም በመንገዱ ጉዳይ በየቀኑ ይደወልልኛል። ኮንትራትሽ በሰኔ ያልቃል፣ እኔ ነኝ የማሳድስልሽ፤ እንግዲህ አስቢበት።" በቁጣ አልተናገሩም።

ተመልሳ ተቀመጠች። ድረ ገጹን ሲተክል የመጣው አሠልጣኝ አንድ ነገር አስገብቶላት ሄዶ ነበር፤ በሲስተሙ ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ፣ በስንት ሰዓት እንዳደረገ የሚመዘግብ። ከፍታ አይታው አታውቅም። ዛሬ ከፈተችው። ሁሉም ነገር ተደርድሮ ተቀምጧል፣ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች። ማስታወቂያው ከረቂቅነት የወጣው በ14 ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ቀኑ ከ14 ወደ 3 የተቀየረው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አራት። የሰዎቹ ዐሥር ቀን እዚህ ውስጥ በሕይወት አለ። ግን ከየመስመሩ ጎን ያለው ስም አንድ ነው፤ ፌቨን ጂራታ፣ ፌቨን ጂራታ፣ ፌቨን ጂራታ። የአቶ ኤጀታ ስም አንድም ቦታ የለም። የራስዎ የይለፍ ቃል ይኑርዎት ብላ ሥራ በጀመረች ሰሞን ለምናቸው "እኔ ማዘዝ ይበቃኛል" ብለው ስቀውባት ነበር። ትእዛዝ ደግሞ ሲስተሙ ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው የጣት ሥራ ብቻ ነው። ፌቨንን እንደ ሕፃን አልቅሺ አልቅሺ አላት፣ ግን ጎኗ የተቀመጡት ሁለት ሠራተኞች እንዳያዩዋት የማተሚያውን ወረቀት አስተካካይ መስላ አጎነበሰች።

መዝገቡ ሁለት ገጽ ነበር። አንደኛውን ብቻ አሳተመች። ይህ መዝገብ የሚይዘው የፈረንጅ ቀን ስለሆነ ከየመስመሩ ጎን በእስክሪብቶ የኛን ቀን ጻፈችበት፣ ከዚያም ወደ የሺሀረግ ይዛው ሄደች። የሺሀረግ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውንም አየች።

"ይህ ደብዳቤ አይደለም እኮ። ፊርማ የት አለው?"

"የኮምፒውተሩ መዝገብ ነው። ዝርዝሩ በ14 እንደወጣ ያሳያል።"

የሺሀረግ በሩ ላይ ያለውን ሰው አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ናት፤ ወረቀት የት ሄዶ እንደሚሞትና የት ሄዶ እንደሚድን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። "ስሚኝ" አለች። "ማመልከቻ ጽፈሽ ይህን አባሪ አድርጊው። ግን ታዝዤ ነው ብለሽ ከጻፍሽ ክስ ሆነ ማለት ነው። ክስ ከሆነ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ዶዘሩ ቀድሞ ይመጣል። ስህተት ነው ካልሽ ግን ስህተት በአንድ ፊርማ ይታረማል፣ ዛሬውኑ።" "የማን ስህተት እንደምትዪ አንቺ ታውቂያለሽ" ስትል ጨመረች። ከዚያ የወረቀቱን ግርጌ በጣቷ መታ መታ አደረገች። "ደግሞ እዚህ ገጽ አንድ ከሁለት ይላል። ሁለተኛውስ? አባሪ ሙሉ ካልሆነ አልቀበልም። ከማረሚያው ማስታወቂያ ጋር ሰሌዳ ላይ ነው የሚለጠፈው፣ ሰው ሁሉ ያየዋል።"

ፌቨን ወደ ቢሮዋ የተመለሰችበት ኮሪደር ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ያን ቀን ግን በእግሯ ባምባሲ ደርሳ የተመለሰች ያህል ደከማት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። መጋቢት 4፣ ረቂቅ ተጻፈ፣ ሃምሳ ሰባት ስም፣ ፌቨን ጂራታ። ለዐሥሩ ቀን ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው፣ ጠዋት በዳቦና በሻይ መሃል "አላየሁም" ያለችውን ውሸት ማንበብ ለሚችል ሰው ሁሉ ለመንገር ነው፤ ቶኩማ ደግሞ ማንበብ ይችላል። ሥራውስ ይቅር፣ ሥራ ድንበር ድረስ ኩርሙክም ወርዳ ታገኛለች። ወንድም ከየት ታመጣለች? ሁለተኛውን ገጽ ተወት አድርጋ ማመልከቻውን ቀድማ መጻፍ ጀመረች። "በክፍል ኃላፊዬ ታዝዤ" ብላ ጀምራ ሰረዘችው። በሌላ ወረቀት "በእኔ በባለሙያዋ ስህተት ቀኑ ያለአግባብ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለተመዘገበ" ብላ ጻፈች። ተናደደች። ተናዳ ሁለተኛውን ገጽ አሳተመች፣ ቀኑንም ከጎኑ "መጋቢት 4" ብላ በትልቁ ጻፈችበት።

አቶ ኤጀታ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የራሳቸውን ስም ፈልገው አጡ። ነገር የተቃለለለት ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ፌቨን ያን ጊዜ አየች፤ ዕድሜ ልኳን ያን ፊት እሑድ እሑድ ማየቷ ነው። "ጎበዝ ነሽ" አሉና ከማመልከቻው ኅዳግ ላይ ጻፉ፦ "በባለሙያዋ ስህተት መፈጸሙ ስለታመነበት ቀኑ ወደ መጋቢት 14 ይስተካከል።" ብዕራቸውን አንሥተው አሰቡ፣ ከዚያ አንድ መስመር ጨመሩ፦ "ኮንትራቷ አይታደስም።" ማኅተሙ ከነቀለሙ ግልጽ ሆኖ አረፈ። ፌቨን ያቺን ትንሽ ሣጥን ከፍታ 3 የነበረውን 14 አደረገች፣ ከሥሩ የማረሚያ ማስታወቂያ ጫነች፣ ሰኔን ሳትጠብቅም የይለፍ ቃሉን በፖስታ አሽጋ አስረከበች። ከግርጌ ያለውን ስሟን አላነሣችውም። ስትወጣ እማማ ጣሂራ የሺሀረግ ፊት ተቀምጠው ቅሬታቸው ላይ ሊፈርሙ አውራ ጣታቸውን በቀለም እያጠቀሱ ነበር። የተመለሰው ቀን ከማን ቸርነት እንደመጣ ማንም አልነገራቸውም፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ማሽን ልብ ገዛ" ይሉ ነበር።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቶኩማ ከመዝገብ ቤት መጣ። ፌቨን ማሚቱ አጠገብ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ሁለቱም ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስለ ጎመኑ ብቻ ነበር የተነጋገሩት። ቶኩማ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ቅሬታው ተቀባይነት እንዳገኘ፣ ነገ ጠዋት ለኪዎቹ እንደሚመጡ ነገራቸው። ማሚቱ "ተመስገን!" ብላ ጎመኑን ለቀቀችው። እሱ ግን አልተቀመጠም።

"ሰሌዳው ላይ ሁለት ገጽ አለ" አለ። "ሁለቱንም አነበብኩ።"

ፌቨን ቀና አላለችም።

"በአራት ነው የጻፍሽው?"

"በአራት።"

"አንድ በአንድ? በእጅሽ?"

"በእጄ።"

"የእኔንም?"

"የአንተንም፣ ጋሼ።"

ማሚቱ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። ፌቨን ሥራዬን ሰጥቼበታለሁ ማለት ፈልጋ ነበር። ቀኑን ያስመለስኩት እኔ ነኝ፣ ያቺን ገጽ ላላሳትማት እችል ነበር፣ ሳታነብ ትቀር ነበር ማለት ፈልጋ ነበር። ሁሉም እውነት ነበር፤ አንዱም ግን ቶኩማ ለጠየቃት ነገር መልስ አልነበረም። እሱም እስክትናገር ጠበቀ። ከዚያ ወደ ግቢው ዞሮ ሦስቱን በር በዓይኑ ቆጠረ።

"ነገ ለኪዎቹ በየክፍሉ ማን እንደሚኖር ይጠይቁኛል" አለ፤ ድምፁ ያው ጠዋት የነበረው፣ የማይቸኩለው ድምፅ ነው። "ለሦስተኛው ተከራይ አለችበት እላቸዋለሁ። ልኩን አይቀንሰውም፤ ጠይቄያለሁ።"

ፌቨን የቀነጠሰችውን ጎመን ሰብስባ ለማሚቱ አቀበለቻትና እጇን ለመታጠብ ተነሣች።